በረዶው ያልታተመ ወረቀት ነው፦ በጃፓን የእንጨት ኅትመት ስለሚታዩ ወፎችና ስለ በረዷማ መልክዓ ምድር

ጥያቄውን ያቀረቡት አንባቢ በስጦታ ያገኙት አንድ የጃፓን የእንጨት ኅትመት አላቸው። ሥዕሉ ሁለት ነጭ ሳቢሳዎች በረዶ በሚጥልበት ሰዓት ተጠጋግተው ቆመው የሚታዩበት ሲሆን የጃፓናዊው ሠዓሊ የኦሃራ ኮሶን ሥራ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ነጭ ወፍ በነጭ በረዶ ላይ ቆሞ ሳለ እንዴት ሊለይ እንደቻለና ነጩ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ቀጥለውም በእነዚህ በረዷማ ሥዕሎች ውስጥ ወፍ የማይታጣው ወፎቹ በእርግጥ በዚያ ወራት ስለሚገኙ ነው ወይስ ለምልክትነት ብቻ ስለሚገቡ ነው ሲሉ ጠይቀዋል። በመጨረሻም ሥዕላቸው በእጅ የታተመ ይሁን በማሽን የተባዛ በምን እንደሚለዩት እንድነግራቸው ፈልገዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ነጩ አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፤ የቀረው ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው ከዚያ ተነሥቶ ነውና። እንዲህ ባሉት ሥራዎች በአብዛኛው በረዶው ቀለም አይደለም፤ ምንም ያልታተመበት ባዶ ወረቀት ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ሰማዩንና ዛፉን ከሣለ በኋላ በረዶውን በነጭ ቀለም ይደርባል። የጃፓን አታሚ ግን ሰማዩን፣ ውሃውን፣ ሸምበቆውንና ጥላውን ብቻ ያትምና የበረዶውን ቦታ ሳይነካ ይተወዋል። ስለዚህ በረዶው የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው ቀለም በሚቀባበት ሰዓት ሳይሆን ቀራጺው ሰሌዳውን ሲቀርጽ ነው። ወፏ የምታገለግለውም እዚህ ላይ ነው፤ ጥቁር ቁራ ወይም ግራጫ ሰማይን ተደግፋ የቆመች ሳቢሳ ባትኖር ኖሮ ያ ባዶ ወረቀት ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ እነዚህን ሥዕሎች ስመለከት ወፏን ለበረዶ እንደ ገባች ጌጥ አድርጌ አላያትም፤ በረዶውን በረዶ የምታደርገው እርሷ ናት።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የሥራውን ሂደት ማወቅ ያሻል። አንድ ኅትመት የአራት ሰዎች ሥራ ነበር፦ ወጪውን የሚሸፍነውና ሥራውን የሚያዝዘው አሳታሚ፣ ንድፉን የሚያወጣው ሠዓሊ፣ ንድፉን በተራራ ቼሪ ሰሌዳ ላይ የሚቀርጸው ቀራጺ፣ በመጨረሻም ቀለሙን በብሩሽ ሰሌዳው ላይ እየቀባ ወረቀቱን የሚያትመው አታሚ ናቸው። ማተሚያ መኪና የለም። አታሚው ባረን የሚባለውን፣ በቀርከሃ ልጥ የተሸፈነ ክብ መፈግፈጊያ ይዞ እርጥቡን ወረቀት ከጀርባው ይፈገፍጋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሰሌዳ አለው፤ ሁሉም ሰሌዳዎች በአንድ ቦታ እንዲገጥሙ በማዕዘንና በጠርዝ ላይ ኬንቶ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይቀረጹባቸዋል። ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ፣ ወፈር ያለና ለስላሳ፣ ቀለም እንዳይፈስበት ከእንስሳት በተገኘ ሙጫና አሉም በሚባል ጨው የታሸ ነው። የወረቀቱ ነጭነት የፋብሪካ ወረቀት ዓይነት ድርቅ ያለ ነጭነት ሳይሆን ሙቀት ያለው ነጭነት ነው፤ ለዚህም ነው በጥሩ ኅትመት ላይ ያለ በረዶ ለዓይን ለስለስ ያለ ሆኖ የሚታየው።

አሁን ወደ እርስዎ ሳቢሳዎች እንመለስ። ነጭ ወፍ በነጭ በረዶ ላይ እንዲለይ ሦስት መንገዶች በአንድነት ይሠራሉ። የመጀመሪያው የኋላውን ማጥቆር ነው፤ ሰማዩ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይታተምና የወፏ ቅርጽ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ ወፏ የምትታየው በሰማዩ ጠርዝ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ቦካሺ ነው። አታሚው ሰሌዳውን በከፊል አርጥቦ ቀለሙን በብሩሽ እየሳበ ከጠቆረ ወደ ፈዘዘ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ ቅጠል ወረቀት እንደ አዲስ የሚደገም ስለሆነ ሁለት ቅጂዎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ሦስተኛው፣ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ካራዙሪ የሚባለው ያለ ቀለም ማተም ነው። ቀራጺው የላባዎቹን መስመር በሰሌዳ ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው ግን ቀለም ሳይቀባ ወረቀቱን በላዩ አኑሮ አጥብቆ ይጫናል። ላባው በወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ወይም ተነሥቶ ይቀራል። ጥልቀት በሚያስፈልግበት ጊዜ አታሚው ባረኑን አስቀምጦ በክርኑ ጭምር ይጫናል። ይህ በአብዛኛው ወደ መጨረሻ ላይ የሚሠራው ኋላ የሚመጣ ፍግፈጋ የተነሣውን እንዳያስተኛው ነው።

የሚወርዱት የበረዶ ቅንጣቶች ጉዳይ ደግሞ ብቻውን መታየት አለበት። ቅንጣቶቹ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። በአንደኛው ቀራጺው እያንዳንዷን ቅንጣት ከሰማዩ ሰሌዳ ላይ እንደ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ያወጣታል፤ ቅንጣቷ ወፏ ላይ ወይም ሸምበቆው ላይ የምታርፍ ከሆነም በእነዚያ ሰሌዳዎች ሁሉ ላይ በዚያው ቦታ መቆፈር አለባት። አንዱ ሰሌዳ በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ ነጯ ነጥብ በግማሽ ቀለም ትነካለች። በሁለተኛው መንገድ አታሚው ጎፉን የሚባለውን ከኦይስተር ቅርፊት የሚሠራ ነጭ ዱቄት ከሙጫ ጋር በጥብጦ በብሩሽ ይረጨዋል። ልዩነቱን በአጉሊ መነጽር በቀላሉ ያዩታል፤ የተቆፈረችው ቅንጣት ከወረቀቱ ጋር እኩል ናት፣ ጠርዟም ጥርት ያለ ነው፤ የተረጨችው ግን በላዩ የተቀመጠች ነጠብጣብ ናት። የተቆፈሩት በሁሉም ቅጂዎች ላይ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ የተረጩት ደግሞ በየቅጂው ይለያያሉ።

ይህ ዘዴ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ባለ ብዙ ቀለም ኅትመት በኤዶ ከተማ (በዛሬዋ ቶኪዮ) በተስፋፋበት በ1765 ገደማ ስሙ ጎልቶ የወጣው ሱዙኪ ሃሩኖቡ በአንድ ጃንጥላ ሥር በበረዶ የሚሄዱ ሁለት ፍቅረኞችን ሠርቷል። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ነጭ ለብሰዋል። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ድረስ «ቁራና ሳቢሳ» በሚል መጠሪያ ይታወቃል፤ በሥዕሉ ውስጥ አንዲት ወፍ ባትኖርም የጥቁሩና የነጩ ጥምረት ወፎቹን ያስታውሳልና። በዚያ ዘመን የነበረ ተመልካች ደግሞ ሌላም ነገር ትዝ ይለው ነበር፤ በ1762 በኤዶ፣ ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ትያትር መድረክ ላይ የነጭ ሳቢሳ መንፈስ በልጃገረድ አምሳል በበረዶ ውስጥ የምትጨፍርበት ውዝዋዜ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ሳቢሳ በበረዶ ውስጥ ቆማ ስትታይ ለጃፓን ዓይን እንዲሁ ውሃ ዳር የምትገኝ ወፍ ብቻ አልነበረችም። ኪታጋዋ ኡታማሮም በ1790 አካባቢ ወፎችንና በረዶን ለየብቻ በያዙ የግጥም መድብሎች ላይ ያለ ቀለም የማተሙን ጥበብ ወደ ላቀ ደረጃ አድርሶታል።

ከሁሉም በላይ ግን በረዶንና ወፍን በአንድ ገጽ ያገናኘ ሥራ ጥቀስ ብባል፣ ሳላመነታ የምጠቅሰው ኡታጋዋ ሂሮሺጌ በ1857 ያወጣውን የፉካጋዋ ሱሳኪ ረግረግ ሥዕል ነው። የኤዶን ታዋቂ ሥፍራዎች ከሚያሳየው፣ ከ1856 እስከ 1858 ከወጣው ትልቅ ተከታታይ ሥራው አንዱ ነው። ከላይኛው ጠርዝ አንድ ግዙፍ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ቁልቁል ይመለከታል፤ ክንፉ ከመሰፋቱ የተነሣ የሥዕሉ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ከሥሩ በበረዶ የተሸፈነ ጠፍጣፋ ረግረግ ተዘርግቷል፤ በርቀት የቱኩባ ተራራ ይታያል፤ ውሃው ላይ አንድ የእንጨት በርሜል ብቻውን ይንሳፈፋል። ሰው የለም። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ በነጭ ቅንጣቶች ተሞልቷል፤ ቅንጣቶቹ ግን ቀለም ያልነካቸው የወረቀቱ ነጥቦች ናቸው። ይህ ሰማያዊ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው፤ የፕራሻ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ከ1830 ገደማ ጀምሮ በጃፓን ኅትመት በብዛት ባይገባ ኖሮ የሂሮሺጌ የብርድ ሰማይና ውሃ ይህን ጥልቀት ማግኘታቸውን እጠራጠራለሁ። በመጀመሪያዎቹ የጥራት ቅጂዎች ላይ የንስሩ ላባ ማይካ በሚባል አብረቅራቂ ማዕድን ብናኝ፣ ጥፍሮቹም ሙጫ በተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም እንዲያብረቀርቁ ተደርገዋል። ሥዕሉን ሽቅብና ቁልቁል ስናየው ንስሩ የቀረበውን፣ ረግረጉ ደግሞ የራቀውን ይዘው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በረዶው ይሞላዋል። ዓይናችንን ከሰማይ ወደ መሬት የሚያወርደው የንስሩ እይታ ነው። ልብ ይበሉ፣ ሥራው የታተመው ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት እንደነበር በላዩ ያለው የወር ማኅተም ያመለክታል፤ ሠዓሊው በረዶውን ያየው በመስኮቱ ሳይሆን በትዝታው ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሰናል፦ ወፎቹ እውነተኛ ናቸው ወይስ ምልክት? መልሴ ሁለቱንም ናቸው የሚል ነው፤ ሆኖም ምልክትነቱ የተገነባው በእውነተኛው ልማዳቸው ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በጃፓን ግጥም እያንዳንዱ ወፍ የሚታወቅበት ወቅት አለው፤ የአበባና ወፍ ሠዓሊዎችም ይህን ሥርዓት ይከተላሉ። የዱር ዳክዬዎች ከሳይቤሪያና ከሌሎች ሰሜናዊ አገሮች ወርደው ብርዱን በጃፓን ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ ሂሮሺጌ ጭንቅላቱ አረንጓዴ የሆነውን ወንድ ዳክዬ በረዶ በተጫነው ሸምበቆ ሥር ሲያዋኘው የሣለው ማንም የኤዶ ነዋሪ በየዓመቱ የሚያየውን ነው። ማንዳሪን ዳክዬዎች ጥንድ ሆነው የሚሣሉት የትዳር ታማኝነት ምልክት ስለሆኑ ነው፤ በብርድ ወራት ደማቅ ላባ ለብሰው ጥንድ ጥንድ ሆነው ኩሬ ላይ መታየታቸውም እውነት ነው። ዝይ ግን በልማድ የመጸው ወፍ ነው። ሂሮሺጌ በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ስምንት እይታዎች በሠራ ጊዜ በካታታ የሚያርፉትን ዝዮች በአንድ ገጽ፣ የሂራ ተራራን የምሽት በረዶ ደግሞ በሌላ ገጽ ለያይቶ ያስቀመጠው ከቻይና የመጣው የስምንቱ እይታዎች ወግ ሁለቱን ስለሚለያቸው ነው።

ድንቢጥ ዓመቱን ሙሉ የምትገኝ ወፍ ናት፤ ሆኖም በብርድ ጊዜ ላባዋን አፍጋ አየር ስለምትይዝ ድቡልቡል ትሆናለች፤ ጃፓኖች ይህን የተነፋ ቅርጽ የመልካም ዕድል ጌጥ አድርገው ይወዱታል። ሂሮሺጌ ከበረዶ ሥር ቀይ አበባ ካወጣ ካሜሊያ ጋር ድንቢጦችን ያዋሃደበት ሥራ አለው፤ ካሜሊያ በብርድ ወራት የሚያብብ ተክል ስለሆነ ሥዕሉ ላይ የሐሰት ነገር የለም። ቁራም እንዲሁ አገሩን የማይለቅ ወፍ ነው። ካዋናቤ ኪዮሳይ በ1881 በተካሄደው ሁለተኛው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ላይ በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ የብርድ ወራት ቁራ በቀለም ሥዕል አቅርቦ 100 የን ጠይቆበታል፤ ለአንድ ቁራ ይህ ዋጋ በዛ ሲባልም ዋጋው የወፏ ሳይሆን ለብዙ ዓመታት የተለማመደው ብሩሽ ዋጋ ነው ማለቱ ይነገርለታል። ያ ሥራ ኅትመት ባይሆንም፣ ከእርሱ በኋላ ቁራን በበረዶ ለሚያትሙ ሁሉ መንገድ የከፈተ ይመስለኛል።

የምልክቱና የእውነቱ ግንኙነት በግልጽ የሚታየው ግን አናቱ ቀይ በሆነው ሽመላ ነው። ሽመላ የረጅም ዕድሜ ምልክት ሆኖ ከጥድና ከፀሐይ ጋር ለአዲስ ዓመት ይሣላል። ሂሮሺጌ በዚያው በኤዶ ተከታታይ ሥራው በሚኖዋ ሜዳ ላይ ሁለት ሽመላዎችን አሳይቷል። ሜዳው ሾጉኑ፣ ማለትም የአገሩ ወታደራዊ ገዢ፣ በጭልፊት የሚያድንበት በመሆኑ ወፎቹ ጥበቃ ይደረግላቸው ነበር። ዛሬ ቶኪዮ በሆነው ከተማ ዳር ሽመላ ይታይ እንደነበር ማመን ይከብዳል። የሾጉኖቹ አገዛዝ ሲያበቃ ጥበቃው ቀረ፤ ወፉ ታድኖ ከጃፓን ጠፋ እስኪባል ድረስ ተመናመነ። በ1924 በሆካይዶ ደሴት በኩሺሮ ረግረግ ጥቂቶች ተገኙ፤ ዛሬ በዚያው ደሴት ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ደርሷል። የሚኖዋው ሥዕል ለእኔ ከምልክትነቱ ይልቅ እንደ ምስክር ወረቀት የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

መልክዓ ምድሩስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ አየር የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ተሸክሞ ከተራሮቹ ጋር ስለሚጋጭ በምዕራቡ ዳርቻ በረዶው ይከመራል፤ በተራሮቹ ማዶ ያለው የፓሲፊክ ዳርቻ ግን በአብዛኛው ደረቅና ፀሐያማ ነው። የሂሮሺጌ ዝነኛ የካምባራ የምሽት በረዶ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን፣ ካምባራ አየሩ ለዘብ ባለው የሺዙዎካ ጠረፍ ላይ የምትገኝ፣ እንዲህ ያለ ጥልቅ በረዶ የማይለመድባት ሥፍራ ናት። በረዶው የሥፍራዋ ሳይሆን የሠዓሊው ምርጫ ነው። በአንጻሩ ኦሃራ ኮሶን በ1877 የተወለደው በዚያ በረዷማ ዳርቻ ባለችው ካናዛዋ ነው፤ በከተማዋ የአትክልት ሥፍራዎች የጥድ ቅርንጫፎች በእርጥብ በረዶ ክብደት እንዳይሰበሩ ዛሬም ከግንዱ አናት ላይ በተወጠረ ገመድ ይደገፋሉ። በኮሶን ሥራዎች ላይ በረዶ ቅርንጫፍን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ስመለከት፣ ይህን ክብደት ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ይሰማኛል።

ኮሶን ከ1900 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ለብዙ አሳታሚዎች የወፍ ኅትመቶችን ሠርቷል፤ ከዚያ ወደ ቀለም ሥዕል ዞሮ በ1926 ሾሶን በሚል ስም ከአሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ጋር ወደ ኅትመት ተመለሰ። በመካከሉ የ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የዋታናቤን ሰሌዳዎች አውድሞ ስለነበር አሳታሚው አዲስ ሥራ የሚሻበት ጊዜ ነበር። ኮሶን በ1945 እስኪሞት ድረስ 500 ያህል ንድፎችን እንዳወጣ ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገዢዎች የተሸጡ ናቸው፤ ሥዕሎቹ እስከ አሁን በጃፓን ካሉት ይልቅ በውጭ አገር ቤቶች በብዛት የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው በዋታናቤ ቤት ይሠራ የነበረው ካዋሴ ሃሱይ ደግሞ በበረዶ ውስጥ ወፍን ትቶ ብቻውን የሚራመድ ሰውን አስገባ፤ በ1925 ባወጣው የዞጆጂ ቤተ መቅደስ ሥራው ጃንጥላ ይዛ ነፋሱን የምትገፋው ሴት ቁራው ወይም ሳቢሳዋ ትይዘው የነበረውን ቦታ የያዘች ትመስለኛለች።

በእጅዎ ያለውን ሥዕል ለመለየት ከክፈፉ ቢያወጡት ይመረጣል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ እስኪቀርብ ዝቅ አድርገው ያብሩበት። በእጅ የታተመና ካራዙሪ ያለበት ከሆነ የላባው መስመሮች በጥላ ተለይተው ይወጣሉ፤ ከፊት ለፊት በሚበራ መብራትና በመስታወት ሥር ይህ ፈጽሞ አይታይም። ቀጥሎ ጀርባውን ይገልብጡ፤ ቀለሙ በወረቀቱ ዘልቆ ከጀርባ በኩል ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት፤ የባረኑ ዱካም ብዙ ጊዜ በክብ መስመሮች ይቀራል። ከፊት በኩል ሰማዩን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩት። እርስ በርስ የተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች ካዩ የማሽን ቅጂ ነው፤ የእንጨቱ ሥር ወይም የብሩሹ ስበት ከታየ ግን በእጅ የተሠራ ነው። ሆኖም በእጅ መታተሙ ብቻ በኮሶን ዕድሜ ለመታተሙ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰሌዳዎች ዘግየት ብለው እንደገና ሊታተሙ፣ እንደ አዲስም ሊቀረጹ ስለሚችሉ ፊርማውንና የአሳታሚውን ማኅተም በሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ካለ ቅጂ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ኮሶን ወይም ሾሶን የሚለው ፊርማም የትኛው የሥራ ዘመን እንደሆነ ይጠቁማል።

መልሰው ሲያስገቡት ከካርቶን ጋር በሙጫ እንዳያስለጥፉት አደራ እላለሁ፤ ብዙ ጥሩ ኅትመቶች የተበላሹት እንዲህ ሲለጠፉና ሲጫኑ ነው፤ የተነሣው ላባ አንዴ ከተኛ አይመለስም። በላይኛው ጠርዝ በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት ማጠፊያዎች በስንዴ ስታርች ብቻ ይያዝ፤ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ አሲድ የሌለው የመስኮት ካርቶን በመካከላቸው ይግባ፤ ቀለሞቹን ፀሐይ ስለሚያደበዝዛቸውም መስኮት ትይዩ ያልሆነ ግድግዳ ይምረጡለት።